ማስተካከያ፦ የቢራ በርሜል ላስቲክ ላይ ቫዝሊን አትቀቡ

ባለፈው ጊዜ፣ ቤት ውስጥ የምንጠምቅበት የቢራ በርሜል ጋዝ ካስተነፈሰ የክዳኑን ላስቲክ ቫዝሊን ቀቡት ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ቫዝሊን ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ስለሆነ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል፣ ውሎ አድሮም ይብስበታል። ትክክለኛው ለምግብ ዕቃ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ነው፣ እሱም ስስ ተደርጎ። የግንበኞቹ ማሸጊያ ሲሊኮን ግን በፍጹም!

እኛ ጎጃም የጠላ ጋን አፍ በጭቃ መምረግ ስለለመድን ሁሉም በመለጠፍ የሚደፈን ይመስለናል፤ በርሜሉ ግን ውስጡ ትልቅ ግፊት አለ። መጀመሪያ የሳሙና ውሃ ቀቡና አረፋ የሚነፋበትን ቦታ ፈልጉ። እዚህ ደብረ ማርቆስ የኔ ሲያስቸግረኝ የከረመው ከክዳኑ ሳይሆን ከቱቦው ማገናኛ ነበር። ከዚያ ጋዙን በሙሉ አስተንፍሳችሁ ክፈቱት፣ ላስቲኩ ከተሰነጠቀ በአዲስ ቀይሩት።