ስድስተኛው «ማ»

ሰው ሁሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ሲያማ እሰማለሁ። ቅጥሩ በዘመድ ነው፣ ማስታወቂያው ለይስሙላ ነው፣ ፈተናው ድራማ ነው ይላል። እኔ ግን ዛሬ ለማመስገን ነው የተነሳሁት። ዕድሜዬ 43 ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት እዚሁ ጎንደር ውስጥ ለ11 ክፍት የሥራ መደቦች ተወዳድሬ 11 ጊዜ «ተጠባባቂ» ሆኛለሁ። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ፣ መስታወት ባለው ሰሌዳ ላይ የሚሰቅልልኝ ሌላ ማን አለ? የገዛ ዘመዶቼ እንኳ ሰርግ ሲጠሩ ይረሱኛል።

ለማያውቀኝ ላስረዳ። 16 ዓመት የአንድ አስጎብኚ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። አፄ ፋሲል በ1628 ይህን ከተማ ሲቆረቁሩ የእኔንም እንጀራ አብረው ቆርቁረውልኝ ነበር ማለት ይቻላል። በ2012 ኮሮና መጣ። በ2013 ጦርነት መጣ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ፈረንጅ ከፒያሳ ጠፋ፣ ድርጅቱ በሩን ዘጋ፣ እኔም ካልኩሌተሬን በፌስታል ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ቤት የዋለ ወንድ ምክር አይቸግረውም። አክስቴ «ልጄ፣ የመንግሥት ደመወዝ ትንሽም ብትሆን ወሯን ጠብቃ ትመጣለች» አሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ ሂሳብ ትወዳለች። «ጡረታ በ60 ነው፤ ገና 17 ዓመት ይቀርሃል፤ ምን ያስተኛሃል?» አለችኝ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የባለዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ያድጋል ሲባልማ ጭራሽ ቤቱ ሁሉ ተነሳብኝ።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለማስታወቂያ ጸሐፊዎች ይድረስ። ፒያሳ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ሙሽራውን አቁመው፣ በሜትር ለክተው እንኳ እጅጌ ያስረዝማሉ። ማስታወቂያ ጸሐፊው ግን ሰውየውን ሳያቆም ልክክ አድርጎ ይሰፋዋል። «በሂሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 4 ዓመት ቀጥታ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ፣ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ቢኖረው ይመረጣል» ይላል አንዱ። ሂሳብ ለመሥራት ሞተር ሳይክል ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። የገባኝ የቃለ መጠይቁ ዕለት ነው። በር ላይ የቆመችውን ሞተር ሳይ።

ቀኑን የሚመርጡበት ጥበብማ ለብቻው ይወራለት። ሌላው ማስታወቂያ የወጣው ጥር 9 ነው። ምዝገባው «ለ5 ተከታታይ ቀናት»። «የሥራ» የምትለዋ ቃል አልተጻፈችም። ጎንደር ላይ ከጥር 10 እስከ 12 ምን እንደሚሆን ለጎንደር ሰው አይነገርም። በ10 ቢሮው ዝግ። በ11 መዝጋቢዋን ፋሲል መዋኛ አጠገብ ከዘማሪዎቹ መሐል አየኋት፤ ከበሮ አንግታለች። ማመልከቻዬን እዚያው ላቀብላት ሁሉ ዳድቶኝ ነበር፤ እግዜርን ፈራሁ። በ13 ቢሮው ተከፈተ። እሷ ግን ድምጿ ተዘግቶ ቤቷ ዝንጅብል እየጠጣች ነው ተባልኩ። በዚያ ሳምንት ከከተማው ሕዝብ ሁሉ ምዝገባ የደረሰለት አንድ ንቁ ዜጋ ብቻ ነበር። ንቃቱን አደንቃለሁ።

ደግሞ እኛ ደጅ ጥናትን ከማንም አልተማርነውም። የነገሥታቱ ግቢ 12 በሮች እንዳሉት ልጅ ሆነን ነው ያጠናነው። ፊት በር አለ፣ እልፍኝ በር አለ፣ ሌሎቹም አሉ። ሹመት ፈላጊ ደጅ ሲጠና የሚውለው ፊት በር ነው። በእልፍኝ በር የሚገባ ደጅ አይጠናም፤ ቤተኛ ነው። ግቢው ሙዚየም ቢሆንም አሠራሩ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ማስታወቂያው ፊት በር ላይ ይለጠፋል፤ ሰውየው በእልፍኝ በር ገብቷል። ቅርስ መጠበቅ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

ከሁሉ በላይ የምወደው የሰነዱ ክፍል ነው። «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» ይላል ሁሉም። የእኔን የማይመለሱ ኮፒዎች አንድ ላይ ቢያስሩልኝ ለአንድ ክረምት ማገዶ ይሆናሉ። የሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ ሰነዶቼን ከእኔ በላይ ታውቃቸዋለች። ኮምፒዩተሯ ላይ «ጋሼ ሥራ ፍለጋ» የሚል ፎልደር ከፍታልኛለች። አንድ ቀን ከበር ስታየኝ ዞራ ማሽኑን አበራች። «ጋሼ፣ እንደተለመደው?» አለችኝ። ቡና ቤት እንኳ እንደዚህ ደንበኛ ሆኜ አላውቅም። ብቻ ጉርድ ፎቶዬን አገላብጣ አየችና «ይቺን ግን ይቀይሯት፤ እዚህች ላይ ፀጉር አለዎት» አለች።

አሁን ወደ ሥራ ግብሩ ልምጣ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ራስጌ አለው፣ ወጪ ቁጥር አለው፣ ክብ ማኅተም አለው፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። መዝጋቢዋ በጣቷ መስመር በመስመር እየነካች አነበበችው። የመጨረሻው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

«ጋሼ፣ የሥራ ግብር መከፈሉን አይገልጽም።»

«ተከፍሏል እኮ።»

«መከፈሉ መገለጽ አለበት።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዚያን ድርጅት ፔሮል የምሠራው እኔ ነኝ። በየወሩ ከራሴ ደመወዝ ላይ ግብሩን በራሴ እጅ ቆርጬ፣ ራሴ ተሰልፌ የማስገባው እኔ ነኝ። በ2003 የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከመጣ በኋላ ደግሞ ከእኔ እስከ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዬ እስከ 11 በመቶ እየደመርኩ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ብሩን የተቀበለኝ መንግሥት ነው። አሁን መንግሥት፣ ለመንግሥት መክፈሌን፣ ከመንግሥት አስመስክሬ ለመንግሥት እንዳመጣ ጠየቀኝ። እንዲህ ራሱን የማያምን ጥንቁቅ መንግሥት አይመሰገንም?

ግብር ቢሮ ሄድኩ። «ጥያቄው ከድርጅቱ ነው መምጣት ያለበት፤ የድርጅቱን ደብዳቤ ይያዙ» አሉኝ። ድርጅቱ የለም። «ሥራ አስኪያጁ ይጻፉላ።» ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ናቸው። ደወልኩላቸው። ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ የዚያኑ ቀን ጻፉ። ማኅተሙ ግን ፈቃዱ ሲመለስ አብሮ ተመልሷል። ያለ ማኅተም የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ እንዳለኝ፣ «የፍቅር ደብዳቤ ነው»። ሳቅኩ። እውነቱን ነው። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ፤ ለባጃጅ የከፈልኩት ብር ግብር ቢሆን ኖሮ ሜዳሊያ ይገባኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ ደግ ሰው የድሮውን ፋይል ከመደርደሪያ ሥር አወጣልኝ። አቧራውን እፍ ሲለው የገዛ ፊርማዬን አየሁት። የ2004 ፊርማ። ያኔ እንዴት አምሮ ነበር የምፈርመው!

ደብዳቤውን ይዤ ስበር ስደርስ ምዝገባው ካለፈ 9 ቀን ሆኖታል። አልተቆጨሁም። ለሚቀጥለው ይሆናል።

በሚቀጥለው ደግሞ «ልምድዎ ከቱሪዝም ጋር ስለሆነ ቀጥታ አግባብነት የለውም» አሉኝ። ደቢትና ክሬዲት ፈረንጅና አበሻ አይለዩም ብዬ ልከራከር ነበር። ተውኩት። ሰው ሥራውን ሲሠራ አይረበሽም።

ጽሑፍ ፈተናው ላይ ብዙ አልቆይም። አዳራሽ ስገባ ልጆቹ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉልኝ። ፈታኝ መስያቸው ነው። ከኋላ የተቀመጠች አንዷ «ጋሼ፣ ትንሽ ሰዓት ይጨምሩልን» ብላ ለመነችኝ። ጨምሬያለሁ አልኳት፤ ምን ይደረጋል። በ2015 የመውጫ ፈተና ከተጀመረ ወዲህ የተመረቁ ልጆች ስለሆኑ ፈተና ለእነሱ እንደ ቁርስ ነው። እንዲያም ሆኖ ከ60 ያመጣሁት 57 ነው። አንደኛ ወጣሁ። ሰሌዳው ላይ ሳየው ባለቤቴ ጋ ደውዬ ሽሮውን በቅቤ እንድትሠራው ነገርኳት።

ከዚያ ቃለ መጠይቁ መጣ። 40 ከመቶ ይይዛል።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ከጎኔ አንድ ወጣት ተቀምጧል፤ ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። እኔ ሦስት ፎልደር ታቅፌያለሁ፤ እሱ ምንም አልያዘም። ሻይ የምታዞረው ሴትዮ በስሙ ጠርታ ሰላም አለችው። አንድ ባለጉዳይ መጸዳጃ ቤት የት ነው ሲል እሱ ተነስቶ ቁልፉን ከተሰቀለበት ሚስማር አውርዶ ሰጠው። ያኔ ነው እኔም ቁርጤን ያወቅኩት። የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ቦታ የሚያውቅ ተወዳዳሪን ማን ያሸንፋል? ልጁ ግን ጨዋ ነው፤ አይታማም። ፀሐይ ሲመጣብኝ «ጋሼ፣ ወደዚህ ይቀመጡ» ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። አሳዳጊዎቹን ይባርክ።

ውስጥ አምስት ሰዎች አሉ። ከጀርባቸው በገመድ የታሰሩ ፋይሎች ከወለል እስከ ኮርኒስ ተቆልለዋል። አንዱ ቁልል ወደ ሰብሳቢው አንገቱን አዘንብሏል፤ ቢወድቅ ማን ይተካቸዋል ብዬ አሰብኩ። ጥያቄው ተነበበ።

«5ቱን የካይዘን ማዎች ዘርዝረው ያብራሩ።» ካይዘን ከጃፓን የመጣ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ነው፤ የሥራ ቦታን በሥርዓት የመያዣ አምስቱ ደረጃዎች በአማርኛ ሁሉም በ«ማ» ይጀምራሉ።

ጀመርኩ። «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት...» አራተኛው ጠፋኝ። ዓይኔ ፋይሎቹ ላይ ነው፤ እነሱን እያየ ካይዘን የሚታወሰው ሰው ካለ ይምጣ። በዚህ መሐል ጫፍ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ስልክ አነሱ። «እ? ማኛ ነው? ማኛውንማ ተወው፣ ሰርገኛውን ያዝልኝ!» አሉ። አራተኛው ማኛ ነው ብዬ ልመልስ ምንም አልቀረኝም። ጤፉ ተገዝቶ እስኪያልቅ ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅን።

ስወጣ ሰብሳቢው ወደ በሩ ሸኙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ እዚህ ማን ነው የላከዎት?» አሉኝ።

«ማስታወቂያው» አልኩ።

ከልባቸው ሳቁ። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። ካይዘን ስድስተኛ «ማ» እንዳለው ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። እሷን የመለሰ አምስቱን ባይመልስም ያልፋል።

ውጤቱ ተለጠፈ። ልጁ በጽሑፍ 41፣ በቃል 38፤ ድምር 79። እኔ በጽሑፍ 57፣ በቃል 21፤ ድምር 78። ቆሜ ሦስት ጊዜ ደመርኩት። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ እመሰክራለሁ፤ ስህተት የለበትም። 22 ቢሰጡኝ አቻ እንወጣና ሌላ ጣጣ ይመጣ ነበር። 15 ቢሰጡኝ ደግሞ ነውር ነው። 21 ብለው በአንዲት ነጥብ መሸኘት የሰው ክብር የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። በ16 ዓመት ውስጥ እንዲህ የጠራ ባላንስ ዘግቼ አላውቅም።

እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። አንድ ጊዜ የሚስቴን አጎት ይዤ ሞክሬያለሁ። ሽማግሌው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማር ይዘው፣ «የእኔ ልጅ ነው» ሊሉልኝ ሄዱ። የሚያውቁት ሰው ግን ለካ ከዚያ መሥሪያ ቤት ከተዛወረ ሦስት ወር ሆኖታል። አዲሱ ኃላፊ ማሩን በአክብሮት ተቀብሎ፣ መርቆ ሸኛቸው። ያንን ማር እስከ ዛሬ ባለቤቴ ታነሳብኛለች።

በሩጫ አሯሯጭ የሚባል አለ። ታውቁታላችሁ፤ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይጠብቃል፣ ሲደክመው ከመሮጫው ይወጣል፣ ሪከርዱን ሌላው ይሰብራል። እሱ ግን ይከፈለዋል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያገኘሁት ሙያ ይሄ ነው ብዬ ለራሴ ከነገርኩት ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያለ እኔ ውድድር የለም፤ ውድድር ከሌለ ቅጥር የለም። አገር በእኔ ትከሻ ላይ ናት።

ትናንት ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ጋሼ፣ ከሰው ሀብት ነው። ለሐሙስ ቃለ መጠይቅ አንድ ሰው ጎድሎብን ነው። ሦስት ካልሞላ ቃለ ጉባኤው አይጸድቅም አሉን። ስልክዎን ከድሮው ፋይል አግኝተን ነው።»

«አላመለከትኩም እኮ።»

«ችግር የለም፤ ሰነድዎ እኛ ጋ አለ።»

ለካ የማይመለሰው ፎቶ ኮፒ ይኼን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው። ሱፌን ከላውንደሪ ማውጣት እንዳለብኝ አሰብኩ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«3 ሰዓት።»

«አበልስ አለው?»

ትንሽ ዝም አለች። ከጎኗ ያለ ሰው ስትጠይቅ ይሰማኛል። ተመለሰች።

«ሻይ አለ፣ ጋሼ።»