አዲስ ማዝቀጫ ገንዳ ከመገንባት በፊት

ከፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሚወጣው ውሃ ሲደፈርስ ቶሎ የሚሰማው ሐሳብ «ገንዳው አነሰ፣ ሌላ ይጨመር» የሚለው ነው። በእኛ እምነት ከኮንክሪቱ በፊት የግማሽ ሰዓት ፍተሻ ሊቀድም ይገባል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገንዳው ስፋት ሳይሆን የሚገባበት ዝቃጭ፣ ማለትም ፍሳሹን የሚያጠሩት ባክቴሪያዎች ክምችት፣ ጠባይ ነውና።

ፍተሻው ከአየር መስጫው ገንዳ (ከማዝቀጫው በፊት ፍሳሹ አየር ከሚነፋበት) አንድ ሊትር የፍሳሽና የዝቃጭ ድብልቅ ቀድቶ 30 ደቂቃ ማስቀመጥ ነው። ጠባብ ሲሊንደር ዝቃጩን በግድግዳው ስለሚይዘው ሰፋ ያለ መለኪያ ይሻላል። የረጋው 600 ሚሊ ሊትር፣ የድብልቁ ጠጣር ደግሞ በሊትር 3 ግራም ቢሆን፣ 600 ለ3 ሲካፈል 200 ይመጣል፤ ይህም አንድ ግራም ጠጣር ረግቶ የሚይዘው ሚሊ ሊትር ነው። ውጤቱ ከ150 ካለፈ ዝቃጩ አብጧል፤ አብዛኛውን ጊዜ ክር መሰል ባክቴሪያዎች በዝተውበታል። የሚያበዛቸው የኦክስጅን ማነስ፣ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ እጥረት፣ ወይም ሰልፋይድ ያዘለ የቆየ ፍሳሽ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ያለው አየር መስጫው ዘንድ ነው፤ ኦክስጅኑ በሊትር 2 ሚሊ ግራም መድረሱን ከማረጋገጥ ይጀመር።

መለኪያውን ግን ቶሎ አትድፉት። ደህና የረጋው ዝቃጭ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቁርጥራጭ እየሆነ ከተንሳፈፈ፣ ናይትሬቱ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ እየተለወጠ አረፋው እያነሳው ነው። ይህ ዝቃጭ ከማዝቀጫ ገንዳው ሥር ሳይቆይ ወደ አየር መስጫው መመለስ አለበት።

የመመለሻውን ፓምፕ ማፍጠን ግን የሁሉ ነገር መድኃኒት አይደለም። የተመለሰው ዞሮ እዚያው ማዝቀጫ ገንዳ ስለሚገባ የጠጣሩን ጫና ይጨምራል፤ ያበጠ ዝቃጭ ባለበት ነገሩን ያብሳል። የዝቃጩ ከፍታ በየፈረቃው በግልጽ ቱቦ ይለካ።

ዝቃጩ ጥሩ እየረጋ ውሃው ከደፈረሰ ብቻ ገንዳውን መርምሩ። መጀመሪያ የመውጫው ጠርዝ። በሦስት ማዕዘን ጥርሶች የሚያልፈው ውሃ ከከፍታው ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይጨምራል፦ በአንድ ወገን 4፣ በሌላው 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሁለተኛው 75 በመቶ ያህል አብልጦ ያሳልፋል። ዝቃጩም በዚያው ወገን ይሳባል። ብሎኖቹን አላልቶ ጠርዙን በውሃ ልክ ማስተካከል ይህን ያስቀራል።

ቀጥሎ የውስጥ ጅረቱ ነው። ድብልቁ ከጠራው ውሃ ስለሚከብድ ወለሉን ይዞ ይሄድና ከዳር ግድግዳው ተጋጭቶ ወደ ጠርዙ ይወጣል። ከጠርዙ በታች ግድግዳው ላይ የሚታሰር፣ ወደ ውስጥ ያዘነበለ መከለያ ጅረቱን ወደ መሃል ይመልሰዋል።

በዝናብ ጊዜ ደግሞ ፍሳሹን ወደ አየር መስጫው የመጨረሻ ክፍል ማስገባት ጠጣሩን ከፊተኞቹ ክፍሎች ያቆየዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም በከፍተኛ ፍሰት ሰዓት ዝቃጩ እስከ ጠርዙ ከወጣ፣ ያኔ ስለ አዲስ ገንዳ መነጋገር ተገቢ ነው፤ ለንድፉ የሚያስፈልጉት ልኬቶችም በእጅ ላይ ይገኛሉ።