«በጽኑ አስተባበሉ» ስንል ሰውየውን እንለውጠዋለን

ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ አንድ አጭር ዜና እያረምሁ ነበር። አንድ የውጭ አገር ባለሥልጣን የቀረበባቸውን ውንጀላ «በጽኑ አስተባበሉ» ይላል። አብሮት የመጣውን ቪዲዮ ከፍቼ አየሁት። የሰውየው የአንገት ሥር ተገታትሯል፤ ጣታቸውን ጋዜጠኛው ፊት ላይ ያወዛውዛሉ፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ ይጀምራሉ። ጽናት የሚባል ነገር አላየሁባቸውም። ያየሁት ንዴት ነው።

በእንግሊዝኛው ዜና ላይ የተጻፈው ቃል «ቪየመንት» ነው፤ በብርቱ ስሜት የሆነ ማለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን ሥሩ የላቲኑ «ቬሔሜንስ» ነው። የላቲኑ አመጣጥ ሊቃውንቱን ያከራክራል። አንዳንዶች «ሜንስ»፣ ማለትም አእምሮ፣ ከሚለው ቃል ፊት ማጣትን የሚያሳይ ቅጥያ ገብቶበት «ልቡን የሳተ» እንደ ማለት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መሸከምንና ማጓጓዝን ከሚያመለክተው «ቬሔሬ» ከሚለው ግሥ ጋር ያዛምዱታል። እንግሊዞች ተሽከርካሪን «ቪሂክል» የሚሉት ከዚሁ ግሥ ነው። በስድብና በነቀፋ የተሞላ ንግግርን የሚጠሩበት «ኢንቬክቲቭ»ም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ በቃል ሰው ላይ መዝመት። እኔን የሚማርከኝ ይኸኛው ነው። ቁጣው ተሸክሞት የሚሄድ ሰው ይታየኛል። እኛም «ስሜት ነዳው» እንል የለም?

ቃሉ ግን ለነቀፋ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ሮማዊው ፖለቲከኛና ተናጋሪ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 በመንግሥት ላይ አሲሯል ያለውን ካቲሊናን በሮም ሴኔት ፊት ሲወነጅል፣ ሴኔቱ ያሳለፈበትን ውሳኔ «ቬሔሜንስ» ብሎታል፤ ብርቱ ነው ለማለት። ስለ ንግግር ጥበብ ሲጽፍም ለማስረዳት ረቂቅ፣ ለማስደሰት ለዘብ ያለ፣ አድማጭን ወደ ራስ ሐሳብ ለመመለስ ግን «ቬሔሜንስ» የሆነ አነጋገር ያስፈልጋል ይላል። በሙገሳም ሆነ በነቀፋ ቃሉ ውስጥ ግለትና ግፊት አለ።

«ጽኑ» ግን ከመጽናት የመጣ ነው። የጸና ሰው አይነቃነቅም። ጽኑ እምነት፣ ጽኑ አቋም እንላለን። እርግጥ ነው፣ ቃሉ ክብደትንም ይገልጻል። ጽኑ እስራት አለ፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍልም አለ። (ለነገሩ በእንግሊዝኛው የዚህ ክፍል ስም የበረታው እንክብካቤው ነው፤ በእኛ ግን የበረታው ሕመሙ ነው።) ማስተባበል ላይ ሲደርስ ግን አንባቢ የሚሰማው የመጀመሪያው ትርጉም ነው። ሰውየው እውነት ስላላቸው ሳይነቃነቁ የቆሙ ይመስለዋል።

የሥራ ባልደረቦቼ «ቁጣን ከጨመርንበት ወገንተኛ እንሆናለን፤ በጽኑ ማለት ገለልተኛ ነው» ይሉኛል። አልስማማም። ጽናት በአማርኛ ምስጋና ነው። ተከሳሽን ሳናውቀው እያመሰገንን ገለልተኞች ነን ማለት አንችልም። በዚያ ላይ ቃሉ ከመደጋገሙ የተነሣ አውግዞም «በጽኑ»፣ ተቃውሞም «በጽኑ»፣ አሳስቦም «በጽኑ» ሆኗል።

አማርኛ ደግሞ በዚህ በኩል ድኻ አይደለም። አምርሮ የተቃወመ ሰው ምሬቱ በቃሉ ውስጥ አለ። ሽንጡን ገትሮ የተከራከረው ሰውነቱ ጭምር ተወጥሮ ይታያል። ምሎ ተገዝቶ የካደው ሌላ ነው፤ አሻፈረኝ ያለው ሌላ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ የካደው ደግሞ ሌላ። የመጨረሻው ፍርድ ስላለበት ለዜና አይሆንም፤ የቀሩት ግን እንደ ሁኔታው ይሆናሉ። የሚያስፈልገው ተርጓሚው ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተናገረውን ሰው ጭምር ማየቱ ነው።

ዜናውን «እየተቆጡ አስተባበሉ» ብዬ አረምሁት። የተረጎመው ወጣት ጋዜጠኛ መጥቶ «መዝገበ ቃላቱ እኮ በጽኑ ነው የሚለው» አለኝ። ቪዲዮውን ከፍቼ ድምፁን ዘጋሁት፤ ምስሉን ብቻ እንዲያይ። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አየና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ያን ዕለት ማታ ሌላ ዜና ላከልኝ፤ «አምርረው ተቃወሙ» ይላል። አልነካሁትም።