ሴት ይገባል ወይስ አይገባም?

ደሴ፣ ቤታችን፣ ቡና ላይ ነን። አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ነገ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ልሳለም ትላለች። «እስኪ ሴት ይገባ እንደሆነ በስልክህ እይልኝ» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ።

አንድ ጽሑፍ ከፈትኩ። «ውሃ ለሰው ልጅ ሕይወት መሠረት ነው» ብሎ ይጀምራል። ኧረ በፈጠራችሁ! ከዚያ የውሃ ጥቅም፣ ከዚያ የቱሪዝም ጥቅም። ንዑስ ርዕስ የለ፣ አንቀጽ የለ፤ አራት ነጥብ እንኳ በስንት መከራ ነው የሚገኘው። ጣቴ እስኪደነዝዝ ወደ ታች ገፋሁ። 13ኛው ክፍለ ዘመን፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ... እሺ፣ እሱስ ደስ ይላል። ግን አቦሉ አልቆ፣ ቶናው አልቆ፣ በረካው ሲቀዳ ነው መልሱ የተገኘው። መጨረሻዋ መስመር ላይ፣ «በነገራችን ላይ» ተብሎ፦ ገዳሙ ሴት አያስገባም።

ይቺን ከላይ ብታስቀምጧት ምን ነበረበት? 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተሳፍራ በር ላይ ትስማው? ደግሞ «ከማድረግ አንጻር»፣ «ከመሆኑ ጋር ተያይዞ» ምንድን ነው? ቡና ላይ እንዲህ የሚያወራ ሰው አይታችኋል?

አክስቴ እንደሆነች ወሎዬ ናት። «አብሽር፣ ከውጭ ሆኜ እሳለማለሁ» አለች።