ይድረስ ለክቡር አቶ አፕዴት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ጊዜያቸው ስለሞቱ አክስት አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እርስዎ ባልመጡባቸው ሌሊቶች ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእስክሪብቶ መጻፌን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ማታ የተውኩትን ቃል ጠዋት እዚያው የማገኘው በወረቀት ላይ ብቻ ስለሆነ ነው።

ነዋሪነቴ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ መጽሐፍ የማሳትመው በራሴ ወጪ ነው። ይህም ማለት ደራሲው፣ ተያቢው፣ የፊደል ግድፈት አራሚው፣ ገጽ አቀናባሪው፣ ከማተሚያ ቤት ጋር የሚከራከረውና በመጨረሻም ለራሱም ለካርቶኑም ሂሳብ እየከፈለ በሚኒባስ እስከ መገናኛ የሚወርደው ሁሉ እኔው ነኝ ማለት ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ ሲሄዱ እርስዎን ለማስተናገድ ደመወዝ የሚቆረጥለት ባለሙያ በር ላይ ይቀበልዎታል፤ እኔ ቤት ግን ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ሆነው በሌሊት ላፕቶፔ ውስጥ ይገቡና፣ ጉልቻውን ሁሉ ለዋውጠው ሲያበቁ ወጡ ስለ መጣፈጡ እንዳመሰግንዎ ይጠብቃሉ።

ወደ አክስቲቱ ልመለስ። ሰው ሁሉ አንድ አጥንት በሚመኝበት በወርኃ ጥቅምት፣ በ4ኛው ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አሮጌው ላፕቶፔ የሚሠራበት ሥርዓት፣ ዊንዶውስ 10፣ መደበኛ ድጋፉ ተቋረጠ። ወደ አዲሱ ላሻግረው ብሞክር ማሽኑ መስፈርቱን እንደማያሟላ ተነገረኝና፣ ስንት ዘመን ሳያጉረመርም ያገለገለኝ ላፕቶፕ በአንዲት አጭር መልእክት፣ ያለ ሽኝትና ያለ ምስክር ወረቀት፣ ጡረታ ወጣ። ያገለገለ ሌላ ገዛሁ። ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀውን ልብ ወለዴን ስከፍተው 240 የነበረው ገጽ 243 ሆኖ ጠበቀኝ። አንድ ቃል እንኳ አልጨመርኩም ነበር።

ሦስት ገጽ ምን አላት የሚል አይጠፋም። መጽሐፍ ግን በነጠላ ገጽ አይታተምም፤ በእኔ መጽሐፍ ልክ አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም ፊቱ ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ 240 ገጽ ድፍን 15 እጥፋት ነበር። 243 ሲሆን ለሦስቱ ገጾች ሲባል አንድ ሙሉ እጥፋት ይጨመራል፣ ከእርሱም 13 ገጽ ባዶውን ይቀራል። እኔ ደግሞ የማሳትመው 1,000 ቅጂ ስለሆነ፣ በዛሬ የወረቀት ዋጋ 13,000 ባዶ ገጽ ገዝቼ ለአንባቢ ላከፋፍል ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆረጥ ሦስት ገጽ ስፈልግ አደርኩ። የፍቅሩ ታሪክ አይነካም፤ የውርስ ክርክሩም አይነካም። በምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ግን ከደብረ ብርሃን የመጡ አንዲት አክስት ቡና እያፈሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ይዘረዝራሉ። እኒህን ሴትዮ እወዳቸው ነበር፤ አነጋገራቸውን የወሰድኩት ከገዛ ዘመዶቼ ነው። ሆኖም ጎህ ሲቀድ በምዕራፍ ስምንት ማብቂያ ላይ «በዚያው ሰሞን አክስቲቱ በአጭር ጊዜ ሕመም ዐረፉ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ሰክቼ የቡናውን ሥነ ሥርዓት ከነዘር ሐረጉ ሰረዝኩት። ገጹ 240 ሆነ። ማተሚያ ቤት ደውዬ ቀጠሮ ያዝኩ።

በማግስቱ ልጄ ላፕቶፑን አየት አደረገችና የአማርኛ ቋንቋ እንዳልተጨመረበት አይታ ጨመረችው። ለካ መጽሐፉን ያቀናበርኩበት ኒያላ የሚባለው ፎንት በአዲሱ ሥርዓት ላይ እንደ ድሮው አብሮ አይመጣም፤ ቋንቋው ሲጨመር ወይም ሰው ለብቻው ሲያወርደው ነው የሚገኘው። እርሱ በሌለበት ቦታውን የያዘው ትከሻው ሰፋ ያለ ሌላ ፎንት ነበር። ኒያላ ከባሌ ተራሮች እንዳይጠፋ ሲሰጋ እሰማ ነበር፤ ከገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ይጠፋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ኒያላው ሲመለስ መጽሐፉ ወደ ጥንት ቁመናው ተመለሰ፤ እኔ ግን ሦስት ገጽ ቆርጬለት ስለነበር 237 ገጽ ሆኖ ቁጭ አለ። አክስቲቱ የሞቱት በከንቱ ነበር።

ላስነሣቸው አልሞከርኩም እንዳይሉኝ። የቀድሞው ቅጂ ያለው እርስዎ ያለ ምክሬ ባበጁት አዲስ ልማድ መሠረት ደመና ላይ ነበር፤ ደመናውን ለመክፈት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ለወሩ የገዛሁትን ፓኬጅ ደግሞ ላፕቶፑ ከስልኬ ጋር እንደተገናኘ በረሳሁበት ሌሊት እርስዎ ራስዎ ጠጥተው ጨርሰውታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እንደ ተረት እሰማው የነበረ ሰው፣ ላሚቱን ከነወተቷ አወቅኋት። የማተሚያ ቤቱ ቀጠሮ ነገ ነበር። ምርጫ ስላልነበረኝ በተረፉት ሦስት ገጾች ላይ የአክስቲቱን ለቅሶ ጻፍኩ፤ ድንኳን ተተከለ፣ ዕድርተኛው መጣ፣ ንፍሮ ተበላ። ልጄ አንብባ «አባዬ፣ አንባቢው እኮ ሴትዮዋን አያውቃቸውም፤ ለምንድን ነው እንዲህ የሚለቀስላቸው?» አለችኝ። እርስዎ ቢመልሱላት ይሻላል።

ከክቡርነትዎ ጋር የተዋወቅነው ግን ዛሬ አይደለም። የመጀመሪያ መጽሐፌን በ1994 ዓ.ም. ሳዘጋጅ፣ ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መዝገብ ፊደላችንን ከተቀበለ (እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር) ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ እኔ ያስተየብኩበት ቤት ግን ወሬው ገና አልደረሰውም። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ስለነበረው፣ የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከዚያ ስለሚተርፍ፣ በላቲን ፊደላት ቤት በኪራይ፣ አንዳንዴም ለሁለት ፎንት ተከፍሎ ይኖር ነበር። ለሁለተኛ እትም ብዬ ያንን ፋይል ስከፍተው ተከራዮቹ ወጥተው ባለቤቶቹ ገብተዋል፤ ጀግናዬ ለእናቱ የሚናገረው የስንብት ቃል የቅንፍ፣ የዶላር ምልክትና የፈረንጅ ሆሄ ክምር ሆኗል። ልጄ ከታተመው ቅጂ እያነበበችልኝ 180 ገጽ እንደ አዲስ ተየብኩ። ኢንጂነር አያና ብሩ ያን ሁሉ ፊደል በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር ሲደክሙ የእኔን ያህል መራገማቸውን እጠራጠራለሁ።

ስለ ገንዘቡ ጉዳይ አጠር አድርጌ ልለፍ። የድሮውን የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ከመርካቶ በሲዲ ገዝቼዋለሁ፤ ከከፈልኩት ላይ ለሠሪው ምን ያህል እንደደረሰው ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል። አዲሱ ግን በየወሩ በዶላር ካልተከፈለኝ ይላል። ይህንን ጭካኔ ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ፣ የመጽሐፌ ፒዲኤፍ በየሰዉ ስልክ በነፃ ሲዘዋወር እኔ ራሴ የማሰማው ጩኸት ትዝ ስላለኝ፣ በዚህ አንቀጽ ላይ ያለኝን አቤቱታ አንስቻለሁ።

ሌላ ልማር የምችለውን ሁሉ እማራለሁ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ቦታቸውን የቀየሩትን ቁልፎች ሦስት ጊዜ ፈልጌ አግኝቻቸዋለሁ፤ አማርኛዬን ከዳር እስከ ዳር በቀይ እያሰመሩ እንደ ተማሪ ደብተር ሲመልሱልኝም ችያለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፋይሌ ማተሚያ ቤት እስኪገባ ድረስ፣ ከዚያም መጽሐፉ ተጠርዞ እስኪወጣ፣ እባክዎ ሌላ ሰው ቤት ይደሩ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሠፈራችን መብራት፤ ክቡርነታቸው 38 በመቶ ደርሰው ሳለ በሰዓቱ ስለ ጠፋ ከምስጋና ጋር
ለምዕራፍ ዘጠኝ አክስት፣ ባሉበት