ሊያወጣ የገባውስ?

ጽሑፉ በ2007 እ.ኤ.አ. ዩታ፣ አሜሪካ ውስጥ ክራንዳል ካንየን የተባለው የከሰል ማዕድን ተደርምሶ 6 ሠራተኞች ከተቀበሩ በኋላ እነሱን የማውጣት ቁፋሮው ለምን ቆመ ይላል። ከእኔ በፊት አስተያየት የጻፋችሁት ደግሞ ፍለጋውን ያቆሙትን «ጨካኞች» ብላችኋል። ቆይ እንጂ! በ10ኛው ቀን እኮ የዋሻው ግድግዳ ፈንድቶ 3 አዳኞችን ገደለ። ተራራው ከላይ ሲጫነው ከሰሉ እንደ ቦምብ ነው የሚፈነዳው። ከተራራው አናት በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አወረዱ፤ በሕይወት ያለ ሰው ምልክት ግን አላገኙም።

እዚህ ደሴ እኛ ሰፈር የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር አንድ ልጅ ታች ራሱን ስቶ ወደቀ። ወንድሙ ዘልሎ ሊገባ ሲል እናቱ ወገቡን አንቀው ያዙት። «ሁለታችሁንም ልቅበር?» አሉ። ያኔ ክፉ እናት መስለውኝ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ። የታፈነ አየር አይታይም፣ ብዙ ጊዜም አይሸትም። ተከታትሎ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

እኔን የሚያናድደኝ የቆመው ፍለጋ አይደለም። የዚያ የዩታው ማዕድን ድርጅት ሰዎች ከአደጋው በፊት ጣሪያውን የተሸከመውን የከሰል ምሰሶ ራሱን እየቆረጡ ያወጡ ነበር። በዚያው ዓመት ማርች ላይ በሌላኛው ጎን እንዲሁ ፈንድቶባቸው ያንን ክፍል ትተውታል። ከዚያስ? ወደዚህኛው ዞረው ቀጠሉ።