ብዕር አውሰኝ፣ ልፈርም

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አያነብም የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ያነባል። የካፌውን ሜኑ ያነባል። የዶርም ድልድሉን ስሙን እስኪያገኝ ሦስቴ ይመላለስበታል። የማያነበው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ዕዳ የሚገባበትን። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን አድናቂ ነኝ።

ኮስት ሼሪንግ የሚባለው የወጪ መጋራት ውል የሚሞላበትን ቀን አይታችኋል? ማስታወቂያው ይለጠፋል። የመጨረሻው ቀን እስኪደርስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከዚያ ግቢው በሙሉ አንድ ቢሮ ደጅ ላይ ይሰለፋል። ብዕር የያዘው አንድ ሰው ነው። ጠረጴዛ የለም፤ የጓደኛ ጀርባ ግን አለ።

«ምንድን ነው የሚሞላው?»

«ያው እንደ አምናው ነው ባክህ።»

አለቀ። በቅጹ ላይ ልጁን የሚያስጨንቀው መስመር ቢኖር የእናት ስም እስከ አያት የሚለው ነው። ቤት ይደውላል። እናት በሥራ ሰዓት መደወሉ ያስደነግጣታል። ደህና መሆኑን ታረጋግጥና የአያቷን ስም ትነግረዋለች። ስሙ በጥንቃቄ ይጻፋል። ብሩ የሚጻፍበት ሳጥን ግን በሰላም ይታለፋል።

ይኸው ልጅ ሰፈሩ ውስጥ ዕቁብ ግባ ቢባል እንዴት እንደሚጠነቀቅ አስቡት። ዳኛው ማነው? ጸሐፊውስ? ቀድሞ የወሰደ ሰው ቢጠፋ ዋሱ ማነው? ከመንግሥት ጋር ሲሆን ግን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ነውር ነው። መንግሥት እንዴት ተደርጎ ይጠረጠራል!

ለመሆኑ ወረቀቱ ምን ይላል? (አድናቂነቴን እንዳያበላሽብኝ ብፈራም ደንቡን አንዴ አይቼዋለሁ።) ነገሩ የመጣው በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 91 ነው። ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ምግብና መኝታ ላይ ግን መጋራት የሚባል ነገር የለም፤ ሙሉውን የሚችለው ራሱ ነው። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። መምህር የሚሆነው ደግሞ በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት ይከፍላል። የተደበቀ ነገር የለም። ሁሉም ከፊርማው በላይ ነው ያለው፤ የኛ ሰው ደግሞ ዓይኑ ቀጥታ ከታች ወዳለው ሰረዝ ነው የሚሄደው።

የምግቡ ነገር በተለይ ያስደስተኛል። ለአንድ ተማሪ የሚመደበው የቀን በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር። ቁርስ፣ ምሳና እራት በ15 ብር! ከዚያ 22 ሆነ። በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ገባ ሲባል ደግሞ ደስታችን ወሰን አጣ። ደስታውስ ይገባል፤ በ22 ብር ውጭ አንድ ማኪያቶ እንኳ አይጠጣም። ብቻ «ቆይ፣ የምግቡን ሙሉ ወጪ የሚችለው ማን ነበር?» ብሎ ድግሱን ያበላሸ ሰው አልሰማሁም። ጨዋ ሕዝብ ነን። ሽሮው ቀጠነ ብሎ ሰሃን የሚያንኳኳው ልጅ በማን ሒሳብ እንደቀጠነ አይጠይቅም። እንግዳ ሳይሆን ከፋይ መሆኑን አልሰማማ።

ኖን ካፌው፣ የግቢውን ምግብ ትቶ ገንዘቡን የሚወስደው ተማሪ፣ ደግሞ ይብሳል። በየወሩ የሚቀበላትን ብር «መንግሥት የሚሰጠኝ» ይላታል። ወሩ ሳይጋመስ ታልቅበትና «መንግሥት የሚሰጠን አይበቃም» ብሎ ያማርራል። እየተበደርክ ነው የምትበላው የሚለው ጓደኛ ቢኖር ምቀኛ ተብሎ ከምግብ ጓደኝነት ይሰረዛል።

በምረቃው ቀን ጋዋኑን ለብሶ «በነፃ ላስተማረኝ መንግሥት ምስጋና ይግባው» ይላል። አባትም ይመርቃሉ። እልልታው ይቀልጣል። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል።

እዚህ ላይ መንግሥትንም ሳላመሰግን ባልፍ ደግ አይደለም። አበዳሪ ሆኖ እንዲህ የሚታገስ የት ይገኛል? ሥራ ያዝክ ወይ ብሎ አይደውልም። ደጅህን አያንኳኳም። የሚያገኝህ ኦሪጅናል ዲግሪህን ልትወስድ የሄድክ ዕለት ነው። «የኮስት ሼሪንግ ክሊራንስ አምጣ» ትባላለህ፤ ዕዳህን መክፈልህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ማለት ነው። ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ ብትል ማንም አይቆጣህም። በፈገግታ ክፈልና ና ትባላለህ። ደንቡ ሥራ ከያዝክ በኋላ ከደመወዝህ ይቆረጣል ይላል፤ አንተ ደግሞ ሥራውን ለመያዝ ዲግሪውን ትፈልጋለህ። በቴምፖ፣ ማለትም በጊዜያዊው ማስረጃ፣ የሚቀጥር ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ ደመወዝ ከመምጣቱ በፊት የደመወዙን ዕዳ መክፈል ነው። እንዲህ ያለ ብልሃት ከየትኛው ባንክ እንደተቀዳ አላውቅም፤ ባንኮቹ ቢሰሙ ይቀኑ ነበር።

ተመራቂያችን በዚህ ጊዜ ይናደዳል። «ማን ፈረመ?» ይላል። ፋይሉ ይወጣል። ፊርማው የሱ ነው። የአንደኛው ዓመት ላይ ያለው ትንሽ ተንጋዷል፤ የጓደኛው ጀርባ ስለተነቃነቀ ነው።

ከዚያ ስልክ ይነሳል። ቤይሩት ያለችው እህት ትጠራለች። ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ፣ የሰው ቤት ሠርታ፣ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ሳትረግጥ የዩኒቨርሲቲ ዕዳ የምትከፍለው እሷ ናት። ብሩ ይደርሳል፣ ክሊራንሱ ይወጣል፣ ዲግሪው ይመጣል። እሱም ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ይልክላታል።

«በነፃ ነው የምማረው ስትለኝ አልነበር እንዴ?» ትለዋለች።

«እኔ ምን አውቄ! አስፈረሙን እኮ!»

እሷ ዝም ትላለች። ስትሄድ የሰጧት ውል በዐረብኛ የተጻፈ ነበር። ከመፈረሟ በፊት የሚያነብላት ሰው ፍለጋ ሰፈሩን አዳርሳ ነበር።